የቤዝ ጊታር ጥያቄና መልስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡት

የቤዝ ጊታር ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዕቃ ነው፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ግን ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር አለ፤ የኖታው ርዝመት። ኖታው መቼ ይጀምራል የሚለውን ሁላችንም እንለማመዳለን። መቼ ያልቃል የሚለውን የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ ሰርግ አዳራሽ ስንጫወት ቤዜ በደንብ ይጮኻል። ግን ምን እንደምጫወት አይለይም፤ ዝም ብሎ ያስገመግማል። ድምፅ ማጉያውን (አምፑን) ልቀይር?

መልስ፦ አብሽር፣ ገንዘብህን አታውጣ። ችግሩ ያለው አዳራሹና እጅህ ላይ ነው።

ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የእኛ አዳራሾች ደግሞ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ወለላቸው ሴራሚክ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ከራሱ ጋር ይደራረባል። አንዱ ኖታ ያብጣል፣ ሌላው ይጠፋል። እየተጫወትክ መሄድ ካልቻልክ ጓደኛህን አስይዘውና አዳራሹን ዙር። አንዱ ጥግ ላይ ጆሮህን የሚሞላው ኖታ መሀል ላይ ጭራሽ አይሰማህም።

መጀመሪያ አምፕህን ከጥግ አውጣ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ቀጥሎ የቤዙን ቁልፍ መጨመር ተው። አልሰማ ሲለን ሁላችንም እጃችን የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ እሱ ግን ያባብሰዋል። ከ100 እስከ 250 ኸርዝ (በሰከንድ የመንቀጥቀጥ ብዛት) ያለውን ትንሽ ቀንስ። ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ጨምር። የጣትህ ድምፅ ያለው እዚያ ነው፤ ሰው ዜማህን የሚለየውም በእሱ ነው።

ከዚያ ወደ እጅህ። አዳራሹ ራሱ ድምፁን የሚያረዝም ከሆነ አንተ ማሳጠር አለብህ። የግራ እጅህን ጣት ሳታነሳ ላላ አድርገው፤ ክሩ ወዲያው ዝም ይላል። በኖታዎቹ መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ ሲኖር አዳራሹ ይተነፍሳል። ይህን ያደረገ ልጅ ርካሽ አምፕ ይዞ ጥርት ብሎ ሲሰማ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲገባ አዳራሹ ይለወጣል። የሰው አካልና ልብስ ቀጭኑንና የመሀሉን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ «በቃ ልክ ነው» ያላችሁት ድምፅ እንግዳው ሲሞላ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ሙከራ ላይ ቤዙን ከምትፈልጉት ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሆቴል ውስጥ ስሰካ አምፑ «ዝዝዝ» ይላል። ክሩን በእጄ ስይዘው ይቀንሳል። አደጋ አለው?

መልስ፦ ክሩን ስትይዘው መቀነሱ ብቻውን አደጋ አይደለም። ሰውነትህ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይሰበስባል፣ ክሩን ስትነካ ደግሞ ወደ ኧርዝ ይሄዳል። የጊታሩ ውስጥ ሽፋን ደካማ እንደሆነ ያሳያል እንጂ ሌላ አይደለም። ከዲመር መብራትና ከአምፑ ራቅ በል፤ አቅጣጫህንም ቀይር። ቤዝህ ጃዝ ቤዝ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበሉትን ማግኔቶች) እኩል ሙሉ ክፈታቸው፣ ጫጫታው እርስ በርሱ ይጣፋል። ፕሪሲዥን ዓይነት ከሆነ ፒክአፑ ራሱ ለሁለት የተከፈለው ለዚሁ ነው።

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው ብረት) ላይ ያለው ሶል ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ጫጫታ ባለበት ቤት ሶል ላይ ስትጫወት ድምፅህ የሚወላገደው ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ነው፤ ቅኝትህ የተበላሸ እንዳይመስልህ።

አሁን በልመና የምለው ይምጣ። ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ የሚነዝርህ ከሆነ ወዲያው አቁም። «ጫጫታው ይጠፋል» ብሎ የሶኬቱን የኧርዝ እግር የሚቆርጥ ሰው አለ። እባካችሁ አታድርጉት። ያ እግር የቆመው ለሕይወታችሁ ነው፤ በማይክና በክር መካከል ያለፈ ኤሌክትሪክ ሙዚቀኛ ገድሏል። ጫጫታውን የሚቀንስ ንጹሕ መንገድ አለ። አምፕህንና ኪቦርዱን ከአንድ መስመር ውሰዱ፤ ዲቫይደሩ ግን እንዳይጫንበት። የዲአይ ቦክሱን (የቤዙን ሲግናል በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚወስደውን ትንሽ ሳጥን) «ግራውንድ ሊፍት» ጫን። እሱ የሚቆርጠው የሲግናሉን መስመር ብቻ ስለሆነ የሶኬቱን ኧርዝ አይነካም። ድንኳን ውስጥ በጀነሬተር ስትሠሩ ኧርዙን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመልከተው። መብራት ሲጠፋም አምፑን አጥፋ፤ ሲመለስ ወዲያው አታብራ፣ ረጋ ይበል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ሚክሰር ላይ የሚሠራ)፦ ቤዙን በዲአይ ልውሰድ ወይስ አምፑ ፊት ማይክ ላቁም?

መልስ፦ በዲአይ ውሰደው፣ አምፑ ለተጫዋቹ ይሁን። ባትሪ የሌለው ፓሲቭ ቤዝ ከሆነ አክቲቭ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ዲአይ ምረጥለትና ከሚክሰሩ 48 ቮልቱን ክፈትለት። ባትሪ ላለው ቤዝ ፓሲቩ ይበቃል። ከ30 እስከ 40 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው። ሰው አይሰማውም፣ ስፒከሩን ግን ያደክማል።

ባለ ባትሪ ቤዝ ያላችሁም ልብ በሉ። ጃኩ እንደተሰካ ካደረ 9 ቮልቱ ባትሪ እያለቀ ይሄዳል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ አንድ ሳጥን ጨምሬ ድምፄን እጥፍ ላድርግ ብዬ ነበር። አምፑ ይችላል?

መልስ፦ ከጀርባው የተጻፈውን አንብብ። ሁለት ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ሳጥን ጎን ለጎን ሲሰካ 4 ኦም ይሆናል። አምፑ ቢያንስ 4 ኦም ካለ ይችላል፣ 8 ካለ አታድርገው። ኬብሉም የስፒከር ኬብል ይሁን፤ የጊታር ኬብል ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል። ስለ «እጥፍ» ደግሞ፣ ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚገኘው 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ ለመምሰል ዋቱ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ሁለተኛው ሳጥን ራሱ ግን ይጠቅማል፤ ብዙ አየር ይገፋል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ መነሻውንና አምስተኛውን እየመታሁ ነው የተማርኩት። ትዝታ ላይ ያምራል። አንቺ ሆዬ ላይ ስጫወተው ግን ዘፋኟ ዞራ ታፈጥብኛለች። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። የወሎ ቤዝ ተጫዋች ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የባቲ ከተማ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ነው። ቅኝቶቹ የአገራችንን ስም ይዘው በመላ ኢትዮጵያ ይዞራሉ። እኛ በጣታችን ልናውቃቸው ይገባል።

ሁሉንም ከዶ እንጀምር። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ትዝታም ባቲም ሌላ መልክ አላቸው። በትዝታው ሚ እና ላ፣ በባቲው ሚ እና ሲ ፍላት ይሆናሉ።

አሁን አምስተኛውን ፈልጊ። ከዶ አምስተኛው ሶል ነው። በትዝታ አለ፣ በባቲ አለ፣ በአምባሰል አለ። በአንቺ ሆዬ ግን የለም፤ በቦታው ያለው ሶል ፍላት ነው። አንቺ ሶልን ስትመቺ ዘፋኟ ሶል ፍላት ላይ ቆማለች። ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቃችሁ ትጋጫላችሁ። ማፍጠጧ እውነት አላት።

መፍትሔው፣ አንቺ ሆዬ ላይ መነሻውንና ኦክታቩን (ከፍ ብሎ የሚደገመውን ዶ) ያዢ፤ ሁለተኛ ድምፅ ካስፈለገሽ ፋን ምቺ። ፋ ከዶ ጋር ተስማምቶ ይቆማል። ሶል ፍላትን ደግሞ ዜማው ሲያልፍበት አብረሽው እለፊበት፣ አትቀመጪበት። ትዝታ ላይ ተቃራኒው ነው። ፋ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ከልማድ የተነሳ አትርገጪው። አምባሰል ላይ መነሻና አምስተኛ ይሠራል፣ ግን የምዕራቡን ሚ አታስገቢ። ሚ ከገባ አምባሰልነቱ ይጠፋል።

በአንድ ክር ብቻ እያንዳንዱን ቅኝት ከፍ ዝቅ እያልሽ ዝፈኚው። በአፍሽ ሳትዪው በጣትሽ አትምቺ።

ጥያቄ (ብዙ ሰው)፦ ችክችካ ላይ እንዴት እንጫወት? ከበሮው ይጥለናል።

መልስ፦ ስድስት ቁጠሩ። አንድና አራት ላይ እግራችሁ ይረገጥ። ለጀማሪ የማስይዘው ይህን ነው፦ አንድን ምቱ፣ ሦስትን ነካ አድርጉ፣ አራትን ምቱ፣ ስድስትን ነካ አድርጉ። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ይሆናል። አጭሩ ኖታ ለሚቀጥለው መነሻ ነው፣ ስለዚህ ቀለል ይበል። የሚጥላችሁ ከበሮው አይመስለኝም፤ ረጅሙን ኖታ እስከ አጭሩ ድረስ ማስጮኻችሁ ነው። ሁለት ላይ ክሩን ዝም አሰኙት፤ ሰው ትከሻው ብቻውን ይነሳል። ሙሉ ዘፈን በዚህ ብቻ ቆዩ። ጌጡ በኋላ ይደረስበታል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ኪቦርዲስታችን በግራ እጁ ቤዝ ይጫወታል። እኔ ምን ልሥራ?

መልስ፦ መድረክ ላይ ሳይሆን ሻይ ቤት ተነጋገሩ። ብዙዎቹ ለዓመታት ያለ ቤዝ ተጫዋች ብቻቸውን ሰርግ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ግራ እጃቸው የለመደው በጥጋብ አይደለም፤ አክብሮ መጠየቅ ይገባል። «ወፍራሙን ለእኔ ተወው፣ አንተ ከመሀል በላይ ሁን» በለው። ሁለት ቤዝ አንድ ኖታ ላይ ትንሽ ሲዛነፍ ድምፁ ይንሳፈፋል፣ ማንም አይሰማም። ሪትሙን ከኪቦርዱ የሚያወጣ ከሆነም የቤዙን ክፍል ለብቻው ማጥፋት ይቻላል። ከመጀመራችሁ በፊት አብራችሁ አጥፉት። እምቢ ካለስ? እሱ ሲያበዛ አንተ አሳንስ፤ በየምት ዙሩ መጀመሪያ አንድ አጭር ኖታ ምታ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ቦታ ይለቅልሃል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ባለ 4 ክር ልግዛ ባለ 5?

መልስ፦ በአንድ ዋጋ ከሆነ ደህናውን ባለ 4 ግዛ። አምስተኛው ክር 31 ኸርዝ ገደማ ነው፣ የአብዛኛው አዳራሽ ስፒከር በደንብ አያወጣውም። ዝቅ ማለት ካስፈለገህ ወፍራሙን ክር ወደ ሬ አላላው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ደሴ ስወጣ ቅኝቴ ሁልጊዜ ይዛባል። ጊታሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ደህና ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከሙቀት ወደ ጦሳ ተራራ ብርድ ትገባለህ። ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ከዚያ መብራቱ ሥር ሲሞቅ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ድረስ፣ ቦርሳውን ክፈተው፣ ከዚያ ቃኝ። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላም እንደገና እይ።

አንገቱን ለማየት ወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ያዝ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ የስም ካርድ የምታሳልፍ ያህል ክፍተት፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ይበቃል። የአንገቱን ብሎን ማዞር ካስፈለገ ከሩብ ዙር አትለፍ፤ አሳድረውና እይ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ክር ውድ ነው፣ ይቀቀላል የሚሉት እውነት ነው? ማንንስ ልስማ?

መልስ፦ መቀቀል ቅባቱን ያወጣል፣ ለጥቂት ሳምንት ጥርት ያለ ድምፁን ይመልሳል። ከተጫወትክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግን ይበልጣል። አሮጌ ክርም አይናቅ። ሞታውን በሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ለስላሳ ክር አድርጎ፣ በአንድ ጣት እየመታ፣ ክሩን ሳይቀይር ያን ሁሉ ሠርቷል። ከእኛ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ስማ። መቼ እንደሚመታ ከያዝክ በኋላ መቼ እንደሚያቆም ብቻ እያዳመጥክ ድገመው።

ጥያቄ (ደሴ፣ የቆዩ ተጫዋች)፦ ልጄ፣ ከሰርግ በኋላ ጆሮዬ ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። ልማድ ነው ብዬ ተውኩት።

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አይተውት። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሰርግ መድረክ ደግሞ እዚያ ይደርሳል። የጠፋ የመስማት ኃይል አይመለስም። የጆሮ ሐኪም ይዩ፣ የጆሮ መሰኪያም ያድርጉ።

አምፑንም ወንበር ላይ ያውጡት ወይም ወደ ጆሮዎ ቀና ያድርጉት። መሬት ላይ ሲሆን ጥርት ያለው ድምፅ የሚመታዎት ጉልበትዎን ነው። ስለዚህ እንዲሰማዎት ብለው ይጨምሩታል፣ ከበሮውም ይጨምራል፣ ኪቦርዱም ይከተላል። ከፍ ሲያደርጉት ባነሰ ድምፅ ራስዎን ይሰማሉ፣ ሌሎቹም ይቀንሳሉ።