ነጭ ጋዝ ለጠጣ ልጅ ወተት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። 2 ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ልጅ አለኝ፣ ባለፈው ልብስ ሳሰጣ በሃይላንድ ያስቀመጥነውን ነጭ ጋዝ አንስቶ ጎንጨት አደረገ፣ ደርሼ ስነጥቀው አፉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል፣ ያስለዋል። እማዬ ወተት አምጪ፣ ጣትሽን ክተቺና ይትፋው አለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ በፍጹም ብላ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። 6 ሰዓት አቆይተው ለቀቁን፣ አሁን ደህና ነው ግን ቤት ውስጥ ክርክሩ አላለቀም፣ ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እንኳን ተረፈላችሁ እህቴ። እማማ ቅር እንዳይላቸው እንጂ ጎረቤትሽ ናት ልክ። የነጭ ጋዝ ትልቁ ጣጣ ሆድ ላይ ሳይሆን ሳንባ ላይ ነው፣ በጣም ቀጭን ስለሆነ ልጁ ሲያስመልሰው ወደ አየር ቧንቧው ሾልኮ ይገባና ሳንባውን ያቆስለዋል፣ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ጉንጭ ትበቃለች። ወተቱም ሆዱን ሞልቶ ያስመልሰዋል እንጂ ጋዙን አያረክሰውም። 6 ሰዓት ያቆዩዋችሁም ለዚሁ ነው፣ የሳንባ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ እስከዛ ድረስ ይታያል፣ ግን ከዛም በኋላ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የጎኑ ስጋ ስርጉድ ስርጉድ ካለ ወይ ካተኮሰው ቶሎ መልሺው። በረኪና የጠጣ ልጅንም እንደዛው አታስተፉት፣ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ይደግመዋል።

ደሞ ልጁን አትቆጪው፣ በአዳማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ የምታጠጪው በሃይላንድ ነው፣ ጋዙም መልኩ ውሃ ነው፣ በምን ይለየው? ጋዝም በረኪናም የውሃና የለስላሳ ላስቲክ ውስጥ አይቀመጥ፣ አለቀ።

እኔን ከጋዝ ይልቅ የሚያስፈራኝ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ነው፣ ከረሜላ ይመስላል፣ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል፣ የእናት መድኃኒት ስለሆነ ማንም መርዝ ብሎ አያስበውም። ብዙ የዋጠ ልጅ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ ለሰዓታት የተሻለው መስሎ ይጫወታል፣ ቤተሰብ እፎይ ሲል ነው ጉበቱ የሚጎዳው። ስለዚህ ቢጫወትም ባይጫወትም ይዛችሁት ሩጡ፣ ስንት ፍሬ እንደጎደለ ቁጠሩና ማሸጊያውንም ያዙት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን ዋጠ፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን ነው። ባጃጅ ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።