ክትክታውን መንጥረን ጽድ እንትከል ወይ?

ጥያቄ፦ ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ክትክታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ የቀረበት የወል ተራራ አለን። ከሐይቅ ስር ከሚወጣ ጭቃ የጥንቱ ዛፍ ይታወቃል ይባላል። እውነት ነው? ክትክታውን መንጥረን ጽድ ብንተክልስ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መታወቁስ እውነት ነው። ክትክታውን ግን እባክዎ አይመንጥሩት፤ ምክንያቱ ያው ጭቃው ውስጥ አለ።

ሐይቅ በነፋስና በጎርፍ የሚደርሰውን የአበባ ብናኝ፣ የከሰል ፍርፋሪና አፈር ዓመት በዓመት ላይ በላይ እያነባበረ ያስቀምጣል። ባለሙያዎች ውሃው ላይ ከሚንሳፈፍ መድረክ ሆነው ቱቦ ወደ ታች እየገፉ ደለሉን አንድ አንድ ሜትር እያደረጉ ያወጡታል፤ ላይና ታቹ እንዳይምታታም ወዲያው ምልክት ያደርጉበታል። ከየደረጃው አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ወስደው ኖራውን በሃይድሮክሎሪክ፣ አሸዋውን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያሟሙና የቀረውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ናሙና 300 እና ከዚያ በላይ። የዝግባ ብናኝ ግራና ቀኝ የአየር ከረጢት ስላለው አይሳሳቱትም። የጽድ ግን ሽፋኑ ስስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተሰንጥቆ ነው የሚገኘው።

ዕድሜው የሚለካው በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በቅሪቱ ውስጥ ከዘመን ዘመን እየቀነሰ በሚሄደው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ነው። ውሃ ውስጥ የበቀለ ነገር ከተለካ ግን በውሃው ውስጥ የሟሟ አሮጌ ካርቦን ዕድሜውን ያስረዝመዋል። ስለዚህ ከየብስ የገባ ቅጠል፣ ጭራሮ ወይም ከሰል ይመረጣል።

እዚያው ወሎ ካሉት ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች የወጣው ደለል የ3000 ዓመት ታሪክ ይዟል። የዝግባና የጽድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ በክትክታና በሣር ተተካ፤ ይህም 1800 ዓመት ያህል ዘለቀ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ጽድ ከወይራና ቀውት ከሚባለው ዛፍ ጋር ተመልሶ ወጣ። ችግኝ የተከለለት አልነበረም! የሰው ቁጥር ቀንሶ ዝናቡም ተሻሽሎ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ደኑን ያገደው ክትክታው ሳይሆን መጥረቢያውና ግጦሹ እንደነበር ነው።

ደለሉ ያላሳየው ዛፍ ግን አልነበረም አይባልም። ጽድና ዝግባ ብዙ ብናኝ በነፋስ ስለሚበትኑ ጎልተው ይታያሉ፤ ነፍሳት የሚያዳቅሉት ዋንዛ ግን ብናኙ ሐይቁ ዘንድ እምብዛም አይደርስም። ጤፍም ቢሆን ብናኙ ከዱር ሣር አይለይም።

ወደ ተራራዎ ስንመለስ፣ መጀመሪያ ከብት ይውጣለት፤ ሣሩ እየታጨደ ይወሰድ። ጉድጓዱን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱንም 40 አድርጋችሁ ከዝናብ በፊት ቆፍሩ፤ ቦታው ክትክታው ጥላ በሚጥልበት በኩል ይሁን። ከታች በኩል ውሃ የሚያቁር ግማሽ ክብ እርከን ይኑረው። ጽድና ወይራ ገደላማውን ይችሉታል፤ ዝግባ ግን አፈሩ ጥልቅ፣ እርጥበቱ የማይጠፋ ሸለቆ ካልሆነ አይሆንለትም። ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ አፈሩ በደንብ ሲርስ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ወደ ታች ሳይወርድ በጋ ይደርስበታል፤ ብዙ ችግኝ የሚደርቀው በዚህ ነው። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡለት፤ ከስር የተጠመዘዘ ሥር ካለ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ካልሆነ ዛፉ ከዓመታት በኋላም ይታነቃል። ችግኙ ክትክታውን ሊያልፍ ሲል ከላይ የሚጫነውን ቅርንጫፍ ብቻ ግረዙ፤ አፈሩን የያዘው የክትክታው ሥር ስለሆነ አይነቀል።

ዘሩን ራሳችሁ የምታፈሉ ከሆነ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከአንድ ሳይሆን ከበርካታ እናት ዛፎች ልቀሙ። የወይራው ሥጋ ታጥቦ ይውጣ፤ ፍሬው እንዳይጎዳ እየተጠነቀቃችሁ ቅርፊቱን ሰንጥቁት። ከጽድ ዘር ባዶው ብዙ ስለሆነ መደቡ ላይ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩት።