«በአየር አምቡላንስ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ግን አልችልም»

ጥያቄ፦ በክልል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 3 ዓመት የሠራሁ ባለ ዲግሪ ነርስ ነኝ። ህልሜ ናይሮቢ እንዳሉት የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች በአውሮፕላን ሕመምተኛ ይዤ መብረር ነው። ሆኖም የአየር አምቡላንስ ሠራተኞች ሕዝብ ማስተማርም እንደሚጠበቅባቸው አነበብኩ። እኔ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ስናገር እንቀጠቀጣለሁ። ማስተማሩ የግድ ነው? ከየትስ ልጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የጠየቅሽኝ ስለ አውሮፕላኑ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳየው ግን ያስጨነቀሽ ሕዝብ ፊት መቆሙ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልነሳ።

ወደዚህ የምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አምቡላንስ ላይ ነርስ ነበርኩ። አንድ ቀን መኪና ከማይገባበት ቀበሌ አንድ አባወራ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር ድረስ አመጡልን። እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ እግሩን መትቶታል። ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ ከሦስት ሰዓት በላይ ተሸክመውታል። ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሰው በነጠላ ጠቅልለውታል፤ አጥብቆ የተጫነው ወይም ያሰረው ግን አልነበረም። ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈ። እነዚያን ወጣቶች እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። ጉልበትም ፍቅርም ነበራቸው፤ የጎደላቸው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ሊነግራቸው የሚችለው ነገር ብቻ ነበር። አውሮፕላን ቢኖረን ኖሮ እንኳ ተጠርቶ፣ ተነስቶ፣ ማረፊያ አግኝቶ እስኪደርስ ያ ደም አይጠብቀውም።

ለዚህ ነው ማስተማር ለአየር አምቡላንስ ትርፍ ሥራ ነው የሚለውን የማልቀበለው። አገልግሎቱ ሲፈጠር ጀምሮ የቆመው በሕዝቡ እጅ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ፍሊን የተባለ ቄስ ያስጀመረው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1928 ከክሎንከሪ ከተማ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ፤ አውሮፕላኑ ከአውስትራሊያው አየር መንገድ ከቃንታስ የተከራየ ነበር። ነገር ግን ሐኪሙን የሚጠራው ከብት አርቢ ስልክ የለውም። አልፍሬድ ትሬገር በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠራለት። ቀጥሎ በየእርሻው መድኃኒቶቹ ቁጥር የተሰጣቸው ሳጥን ተቀመጠ፤ የሰው አካል ሥዕልም በቁጥር ተከፋፍሎ ታደለ። እናት በሬዲዮ «ልጄን እዚህ ቁጥር ላይ ያመዋል» ትላለች፣ ሐኪሙ ከሳጥኑ የትኛውን ቁጥር እንደምትሰጠው ይነግራታል። ብዙ ጊዜ አውሮፕላን መነሳትም አያስፈልገው። ያቺን እናት ሳጥኑን እንድትጠቀም ያስተማራት ሰው ነፍስ ሲያድን ኖሯል።

አንቺ የምትመኚው አምሬፍም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ማይክል ዉድ፣ አርቺባልድ ማኪንዶና ቶም ሪስ የተባሉ ሦስት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ሲመሠርቱት ዓላማቸው በምሥራቅ አፍሪካ ሩቅ ለሆኑ ሆስፒታሎች ሐኪም በአውሮፕላን ማድረስ ነበር። ዛሬ የአየር አምቡላንሱ በናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ባለቤቱ ግን በምድር ላይ የጤና ሠራተኛ የሚያሠለጥነው አምሬፍ ሄልዝ አፍሪካ ነው። ይህ ድርጅት እዚህ ኢትዮጵያም ይሠራል።

አሁን ስለ በረራው። ሥራው በአብዛኛው ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የሚያልቀው ምድር ላይ ነው፦ ላኪው ሐኪም ጋር ደውሎ ስለ ሕመምተኛው በደንብ መስማት፣ ኦክስጅኑ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሄድ በጉዞው ደቂቃ አባዝቶ ከበቂ በላይ መጠባበቂያ መያዝ፣ የልብ ምትና የመሳሰለውን የሚያሳየውን ሞኒተር ባትሪ ማየት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይለጠጣል። የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ቦሌም ያለው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከባሕር ወለል ተነስቶ እዚህ ሲደርስ በደረት ውስጥ የታሰረ አየር (ለምሳሌ ከተጎዳ ሳንባ ሾልኮ የወጣ) መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከአፋር ቆላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚደረግ ሕመምተኛ በአምቡላንስ መኪና ቢመጣም ይህ ለውጥ ይነካዋል። በራሪ ነርስ የምታጠናውን ትምህርት ደሴ ሆነሽም መጀመር ትችያለሽ ማለት ነው። በሞተሩ ጩኸት ስቴቶስኮፕ ስለማይሰማ ዓይንሽን፣ እጅሽንና ሞኒተሩን ማመንንም ከወዲሁ ልመጂ።

የ3 ዓመቱ የድንገተኛ ክፍል ልምድ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጎደለሽ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይመስለኛል። ሆስፒታልሽ እንዲያዛውርሽ ጠይቂ፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሕመምተኛ ለብቻሽ መያዝ እስክትችይ ቆዪ። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛና ፅኑ ሕክምና ነርሲንግ የማስተርስ ትምህርት አለው፤ ብትገቢበት እመርጣለሁ። ኬንያ መሥራት ከፈለግሽ የዚያው አገር የነርሶች ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮችም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ልምዱም ፈቃዱም ሳይኖርሽ «የበራሪ ነርስ ሰርተፍኬት በአጭር ጊዜ» የሚልሽ ደላላ ቢመጣ አንድ ብር አትስጪ።

የምድር አምቡላንስንም አትናቂ። ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት አቶ ክብረት አበበ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ነበሩ፤ ቤታቸውን ሸጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በሦስት መኪና ጀመሩ። ድርጅታቸው የመጀመሪያ እርዳታም ያሠለጥናል። የሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ደም ሥር ማግኘትን የመሰለ ትምህርት በክፍል ውስጥ አታገኚም።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ፦ ከመቶ ሰው ፊት አትጀምሪ። ሠፈርሽ እድር አለ። ሊቀመንበሩን ወይም ጸሐፊውን አነጋግሪና በሚቀጥለው ስብሰባ 10 ደቂቃ ብቻ ለምኚ። ርዕሱ አንድ ይሁን፦ የሚፈስ ደም እንዴት ይቆማል። ብዙ አትናገሪ። አንድ ነጠላ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱን ጎረምሳ አስነሺና ክንዱ ላይ ቁስል እንዳለ አድርገሽ አሳዪ፤ ከዚያ እናቶቹ ራሳቸው በተራ እንዲጫኑ አድርጊ። እጅሽ ሥራ ሲይዝ ድምፅሽ ይረጋል፤ በድንገተኛ ክፍልም የሚሆነው ይኸው ነው። በሁለተኛው ወር ደግሞ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ቢያስታውከው እንዴት በጎኑ እንደሚያዞሩት አሳዪያቸው።

ቡና ስለመነስነስ መጠየቃቸው አይቀርም። አትቆጪያቸው፣ ለምን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ስሚያቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ምን እንደጠየቁሽ ጻፊልኝ፤ የማመልከቻ ደብዳቤሽን ከዚያ ተነስተን አብረን እናዘጋጀዋለን።