አፋቸው ለተያዘ ቤተሰቦቻችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን በተሃድሶ ሕክምና እሠራለሁ። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የመጡ ጥያቄዎችን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አፋቸው ተይዟል። ዳዊት ደጋሚ ነበሩ፤ አሁን ፊደል ብናሳያቸውም አይመርጡም። አእምሯቸው ተነክቶ ይሆን?

ወንድሜ፣ እንዲህ ብለህ አትደምድም። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚመራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ሲጎዳ ከንግግር ጋር ንባብም ሊጎዳ ይችላል፤ ሰውየው ግን ያስተውላል፣ ያዝናል፣ ይናደዳል። ፊደሉን ተዉትና ፎቶግራፍ አንሡ፦ የራሳቸውን ጋቢ፣ የራሳቸውን ሲኒ፣ የልጅ ልጆቻቸውን። ሁለት ብቻ አሳይታችሁ «ቡና ወይስ ውሃ?» በሉና እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ዝም በሉ። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይቸኩልና ራሱ ይመልስላቸዋል። ዳዊቱንም አብራችኋቸው ጀምሩ። አንዲት ቃል የማይወጣው ሰው የለመደውን ጸሎት ሲያስከትል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ወንድሜ መምህር ነበር። በሽታው ጡንቻውን አድክሞ አሁን የሚታዘዘው ዓይኑ ብቻ ነው። ሁሉን ይሰማል።

ለእሱ ፊደል ገበታ ሥሩለት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አንድ በአንድ ከተጠሩ ሰው ይዝላል። ድምፃቸው የሚደገመውን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀን አውጡ። የቀሩትን 28 በካርቶን ላይ በአምስት መስመር ጻፉ፦

ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ
ቀ በ ተ ቸ ነ ኘ
አ ከ ኸ ወ ዘ ዠ
የ ደ ጀ ገ ጠ ጨ
ጰ ጸ ፈ ፐ

መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ በመጨረሻ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ጠይቁ። ሳድስ በአማርኛ ስለሚበዛ እሱን አስቀድሙ። ወደ ላይ ካየ «አዎ» ነው። «ው» ለማለት መስመሩ በሦስት፣ ፊደሉ በአራት፣ ሳድሱ በአንድ፤ በድምሩ በስምንት ጥያቄ ይገኛል። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ድምፁን ሲያጣ፣ የሚናገርለት ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት፣ ቅንድቡን እያነሣ ከካርድ ላይ ፊደል ይመርጥ ነበር። እባካችሁ፣ ቃሉን ሳይጨርስ አትገምቱበት፤ ካልፈቀደላችሁ በቀር።

ከአንኮበር፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። በሥዕል መግባባት ካስለመድኳት ለመናገር ትሰንፋለች ይሉኛል።

አትሰንፍም፣ እህቴ። ሥዕል ንግግርን አያግድም፤ ብዙ ልጆችንም ያግዛል። አስቀድመሽ ግን ጆሮዋን አስመርምሪ። ጠበል ስትወስጃትም ሥዕሎቿ ከእሷ አይለዩ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አባቴ መናገር አይችሉም። በካርቶን ፈንታ ስልክ አይበቃም?

ይጠቅማል። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን አባትህ ሕመማቸውን የሚያሳዩበት ካርቶን ከራስጌያቸው ይኑር።