ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፎር ኬ ሞኒተር ዓይኔን ያጠፋው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር የቤት ፕላን እሠራለሁ። ከአምስት ወር በፊት ወንድሜ ከውጭ 27 ኢንች ፎር ኬ ሞኒተር ላከልኝ። ጥራቱ ልዩ ነው። ጠረጴዛዬ ዝቅ ስለሚል የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ያመኛል፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ማታ ማታ ብዥ ይልብኛል። እሑድ ካልሠራሁ ይሻለኛል። ጓደኞቼ ጨረሩ ነው ብለው ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር አስገዙኝ፤ ለውጥ የለም። የረዳኝ ከፋርማሲ የገዛሁት ጠብታ ነው። ወዲያው ያስታግሳል፤ ስተወው ግን መቅላቱ ይመለሳል። አሁን ሦስት ወር ሆነኝ፤ ሲያልቅ ሄጄ እገዛለሁ። እናቴ በዓይን ግፊት አንድ ዓይኗን አጥታለች። ሞኒተሩን ልሽጠው ወይስ ሪዞሉሽኑን ልቀንሰው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝ ስለ ሞኒተር ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን ሞኒተሩ አይመስለኝም። «እንደ እናቴ ዓይኔ ይጠፋ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ቀድሜ እሱን ልመልስ።

ሞኒተር ዓይን አያጠፋም። ፎር ኬ ማለት ስክሪኑ ላይ በአግድም 3840፣ በቁመት 2160 ነጥቦች ተደርድረዋል ማለት ነው። ነጥቡ ሲበዛ ፊደሉ ይጠራል እንጂ ጨረር አይጨምርም። በበጋ እኩለ ቀን ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆመው ዓይንዎ የሚያገኘው ብርሃን፣ ሰማያዊውን ጨምሮ፣ ከየትኛውም ሞኒተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መነጽሩ ለውጥ ያላመጣውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ እነዚህ መነጽሮች በኮምፒውተር የሚመጣ የዓይን ድካምን ከተራ መነጽር የተሻለ እንደማይቀንሱ ነው ያሳየው። ገንዘብዎ ሄዷል፤ ዓይንዎን ግን አልጎዳም።

እናትዎን ያገኛቸው ሌላ ነገር ነው። የዓይን ግፊት የምንለው ግላኮማ፣ ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደልቡ መውጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምርና ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። በማንበብ አይመጣም። በኮምፒውተርም አይመጣም። በዘር ግን ይሄዳል። እናትዎ ስላለባቸው የእርስዎ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ይህን የምልዎት ላስፈራራዎት አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ ግፊቱን አውርዶ እይታን ማቆየት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ጠብታው ልምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ስሙን አልጻፉልኝም። ነገር ግን «ወዲያው ያስታግሳል፣ ስተወው ይመለሳል» የሚል ሰው ከቦርሳው የሚያወጣው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ዴክሳሜታዞን ነው። እባክዎ አሁኑኑ ተነሥተው ብልቃጡን ያምጡት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ በስልክዎ ካሜራ ያጉሉት። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን ከሚሉት አንዱን ካዩ የያዙት ስቴሮይድ ነው። ሁልጊዜ ብቻውን አይመጣም። ጄንታማይሲን፣ ኒኦማይሲን ወይም ክሎራምፌኒኮል ከሚባሉ አንቲባዮቲኮች ጋር ተቀላቅሎም ይሸጣል። ሰውም «የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው» ብሎ በእምነት ይይዘዋል።

ስቴሮይድ መቅላትንና ማቃጠልን ቶሎ ያጠፋል። የሚወደደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ያንኑ የዓይን ፈሳሽ መውጫ ያውካል። ግፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ መጠነኛ ጭማሪ ይታያል፤ በጥቂቶች ደግሞ ክፉኛ ይወጣል። ክፉኛ ሊወጣባቸው ይችላል ብለን ከምንፈራላቸው ሰዎች መካከል ወላጃቸው ግላኮማ ያለባቸው ይገኙበታል። እርስዎ ማለት ነው!

ከሁሉም የሚያስፈራኝ አለማመሙ ነው። ሰው ዓይኔ ቢጎዳ ያመኝ ነበር ብሎ ያስባል። ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወጣ አያምም፣ አይቀላም። መጀመሪያ የሚሄደው የጎን እይታ ነው፤ እሱንም ሌላኛው ዓይን ይሸፍነዋል። ሰውየው በር ሲጋጭና ደረጃ ሲስት ነው ነገሩ የሚገባው። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም። በቀዶ ሕክምናም ቢሆን፣ ውጭ አገር ቢኬድም አይመለስም። ይኸው ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የዓይን ሞራም ያመጣል። ቫይረስ ባቆሰለው ዓይን ላይ ሲደረግ ቁስሉን ያባብሳል።

ልቆጣዎት ነው፣ አይቀየሙኝ። ሞኒተሩን ወዲያው ጠረጠሩት። ጠብታውን ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልጠረጠሩትም። የእናትዎን በሽታ እያወቁ፣ ዓይንዎን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረመሩ ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ ገዙ። የሸጠልዎትም ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ መስጠት አልነበረበትም። እባክዎ «ላንቺም ይሻልሻል» ብለው ለእህት ወይም ለጎረቤት እንዳይሰጡት።

ስቴሮይድ ከሆነ ያቁሙት። ለጥቂት ቀናት መቅላቱ ሊብስብዎት ይችላል። አይደንግጡ፣ ተመልሰውም አያድርጉት። ሳምንቱ ሳያልቅ ይመርመሩ። ዓይንዎን ከባድ ሕመም ካመመዎት፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተዎት ወይም እይታዎ ድንገት ከቀነሰ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ይሂዱ። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሐኪም ለውስጥ ዓይን ብግነት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያዘዘላችሁ ከሆነ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። እናንተ ክትትል አላችሁ።

ካቆሙት በኋላ ግፊቱ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ሦስት ወር አጭር አይደለም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ መጥቶ ነርቩ ደህና ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህ ተስፋ ይዘው ይምጡ።

ሞኒተሩን አይሽጡት። ሪዞሉሽኑንም አይቀንሱት። በ27 ኢንች ፎር ኬ አንድ ኢንች ላይ 163 ነጥብ ያህል ይገባል። በተለመደው 24 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር ግን 92 ገደማ ነው። ስኬሉ፣ ማለትም ፊደልና ምልክት የሚጎላበት መጠን፣ 100 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ፊደሉና ምልክቱ ሁሉ ከለመዱት ግማሽ ቢበልጥ ጥቂት ነው። ፕላን የሚሠራ ሰው ብዙ ነገር በአንዴ ለማየት ሲል እንዲሁ ይተወዋል። ከዚያ አንገቱን አስግጎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይውላል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት በአብዛኛው የዚህ ልፋት ነው፤ እሑድ መተዉም ይህንኑ ይመሰክራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስኬሉን ወደ 150 ከፍ ያድርጉት። ሪዞሉሽኑን ከቀነሱት ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ለደበዘዘ ነገር ደግሞ ዓይን ይበልጥ ይለፋል።

ሣጥኑን ያውጡት። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ወደ ላይ ሲያዩ የዓይን ቆብ ይከፈታል፤ የተከፈተ ዓይን ቶሎ ይደርቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ስክሪን ላይ ያተኮረ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል። በሌላ ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚያርገበግብ ሰው፣ ስክሪን ላይ ግማሹን እንኳ ላያደርስ ይችላል። የጎንደር የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ አቧራውም አለ። ማቃጠሉና መቅላቱ ከዚህ ይመስለኛል። ብዥታውም ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ጠራ የሚልልዎት ከሆነ ድርቀት ነው።

ከስክሪኑ የክንድዎን ርዝመት ያህል ይራቁ። መስኮቱ ከፊትዎም ከኋላዎም ሳይሆን በጎንዎ ይሁን። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሴኮንድ ይመልከቱ፤ ዓይንዎንም ሙሉ በሙሉ እየከደኑ ያርገብግቡ። መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ በላፕቶፕ ባትሪ መቀጠል ይቅርብዎ። ለድርቀቱ ሰው ሠራሽ እንባ ይጠቀሙ። ብልቃጡ ላይ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ ብቻ የሚል ይሁን። ይህ ግፊት አይጨምርም።

ምርመራው ይቀራል። መነጽር ቤት ገብተው ቁጥር ማስለካት አይበቃዎትም። ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ጉድለት ቢኖርዎት ደቃቅ ፊደል ያወጣዋል። ለእርስዎ የግድ የሚያስፈልገው ግን ግፊትዎ መለካቱና ነርቭዎ መታየቱ ነው። ለዚህ ከጎንደር መውጣት የለብዎትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። ሲገቡ በመጀመሪያ «እናቴ ግላኮማ አለባት፣ ይህን ጠብታ ሦስት ወር አድርጌያለሁ» ይበሉ። ካልጠየቁኝ ብለው እንዳይተዉት። ብልቃጡን፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ። ግፊቱ ደህና ነው ቢባሉም በየዓመቱ ይመለሱ። እህትና ወንድሞችዎም ዓይናቸውን ይመርመሩ፤ የእናትዎ ልጆች ናቸውና።

ነርቩን በደንብ ለማየት የዓይንን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግልዎታል። ለጥቂት ሰዓታት ቅርብ ያለ ነገር ብዥ ይልብዎታል፣ ብርሃንም ያስቸግርዎታል። ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ለዚያን ቀን የሚደርስ ሥራም አይቀበሉ።