ቻርጅ ስለሚደረግ ደብል ኤ ድንጋይ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም እንዴት አመሻችሁ። ደሴ ሸዋ በር ራዲዮ፣ ካሜራ ምናምን ስጠግን አመታት አለፉኝ፣ ሰው ሁሉ እየመጣ የሚጠይቀኝ ይሄ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ያዋጣል ወይ፣ የቱ ይሻላል ነው፣ እና ዛሬ መብራትም ስላለ ጠይቁኝ አልኩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ 5000 የተጻፈበትና 2000 የተጻፈበት እኩል ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ 5000ውን ብገዛ አይሻልም?

አይሻልም ወንድሜ። በኒኬል የሚሰራው ደብል ኤ ውስጥ ቢበዛ 2700፣ 2800 ሚሊአምፕ አወር (ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ነው) ነው የሚገባው፣ 5000 ካለህ ቁጥሩ ውሸት ነው በቃ። አንድ ደንበኛ 5000 የሚል አምጥቶልኝ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 16 ግራም፣ ደህናው እኮ 26 እና ከዛ በላይ ነው የሚመዝነው፣ ሞልቼ ቻርጀሩ ላይ አፍስሼ ስለካው ደግሞ 600 እንኳን አልሞላም። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ባይኖር ሁለቱን በሁለት እጅህ ያዛቸው፣ ቀለል የሚልህን መልስለት።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ሰርግ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለፍላሽ የቱ ይሁን? ኤነሉፕ ከሚባለው የኒኬል ድንጋይ ነጩ ወይስ ጥቁሩ?

እህቴ አንቺ ጥቁሩን ያዢ። ነጩ 2000 አካባቢ ይይዛል፣ ፋብሪካው 2100 ጊዜ ይሞላል ይላል፣ ጥቁሩ 2500 ይይዛል ግን የሚሞላው 500 ጊዜ ነው፣ ላንቺ አንድ ሰርግ ሳይቆረጥ መጨረሱ ነው የሚበልጠው። ተራው አልካላይን (ቻርጅ የማይደረገው) 1.5 ቮልት ነው፣ ይሄ ግን 1.2 ነው ብለሽ አትፍሪ፣ ፍላሹ አንዴ ብልጭ ብሎ እንደገና እስኪሞላ ብዙ ከረንት ባንዴ ይስባል፣ አልካላይን እዛ ላይ ይደክማል፣ የኒኬሉ ግን ቶሎ ይሰጣል። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ፍላሹን እየጠበቅሽ አትቆሚም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የመስጊዳችን ማይክ ላይ ሞልተን ስንከተው ግማሽ ነው የሚያሳየው፣ መውሊድ ደርሷል፣ ተበላሽቶ ነው?

አብሽር፣ ምንም አልሆነም። ማይኩ የሚቆጥረው በ1.5 ቮልት ስለሆነ 1.2ን ሲያይ ግማሽ መሰለው። የኒኬል ድንጋይ 1.2 አካባቢ ላይ ረግቶ ብዙ ሰአት ይቆይና መጨረሻ ላይ ነው ቶሎ የሚወርደው፣ ስለዚ ምልክቱን ትታችሁ አንዴ ሙሉ ሌሊት ሞክሩትና ስንት ሰአት እንደሄደ ጻፉት፣ ለመውሊድ ሌላ ሙሉ ጥንድ ኪስ ይግባ።

ጥያቄ (ከደላንታ)፦ አባታችን ሌሊት ሌሊት አጭር ሞገድ ያዳምጣሉ፣ በዩኤስቢ የሚሞላውን ሊቲየም ገዛሁላቸውና ራዲዮው ይጮሃል፣ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጡት እያሉኝ ነው።

ይሄን በደንብ ልመልሰው። እዛ ሊቲየም ውስጥ ያለው ሴል 3.7 ቮልት አካባቢ ነው፣ ወደ 1.5 የምታወርደው ትንሽ ሰርኪት አብራው አለች፣ እሷ ናት ሞገዱን የምትረብሸው፣ ጣቢያው ደከም ያለ ከሆነማ ጭራሽ ትውጠዋለች። ፀሐይ አይፈታውም፣ ሊቲየም ደግሞ ፀሐይ ላይ ባይሰጣ ነው የሚሻለው። ፀሐዩ አባታችን የሚያውቁት የድሮው ተራ ድንጋይ ላይ እውነት ነው፣ ሞቅ ሲለው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ለሳቸው የኒኬሉን ግዛላቸው፣ ብርዱንም ከአልካላይን ይልቅ ይችላል። ሊቲየሙን ለልጆች መጫወቻ አውለው፣ ግን ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ድርግም ነው የሚለው። ደግሞ እሱ ላይ 3000 ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ሚሊዋት አወር ነው፣ ለ1.5 ስታካፍለው 2000 ሚሊአምፕ አወር ነው፣ አትሸወዱ። መጠኑ ደብል ኤ ሆኖ 3.7 ቮልት የተጻፈበትን ግን አደራ፣ ሪሞትም ራዲዮም ያቃጥላል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ሞልቼ ያስቀመጥኩት ከሁለት ወር በኋላ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

የድሮው አይነት ኒኬል ስለሆነ ነው፣ ተቀምጦም ይፈሳል፣ የባቲ ሙቀት ሲጨመርበትማ ይብሳል። ሳንዮ በፈረንጆቹ 2005 ኤነሉፕን ሲያወጣ የፈታው ይሄን ነው፣ ከዛ ወዲህ ሌሎችም ሰርተውታል፣ ማሸጊያው ላይ አስቀድሞ የተሞላ የሚል ፈልግ። ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጥ፣ ቆርቆሮ ስር አይሁን።

ጥያቄ፦ ለግድግዳ ሰአትስ?

ተራውን አልካላይን፣ አመት ይቆያል፣ ገንዘብህን እዛ አታውል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ አራት ድንጋይ ካንድ ርካሽ ቻርጀር ጋር ገዛሁ፣ በስድስት ወር ሁሉም ሞቱ።

ድንጋዩን ሳይሆን ቻርጀሩን እጠረጥራለሁ። ርካሹ ሁለት ሁለቱን ነው ባንድ ላይ የሚሞላው፣ መሙላቱንም አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያበስላቸዋል። እጅህን ስታስነካው የሚያቃጥልህ ከሆነ እድሜው እያለቀ ነው። እያንዳንዱን ለብቻ የሚሞላና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ግዛ፣ ከድንጋዩ ቢወደድም። አሮጌና አዲስ አትቀላቅል፣ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራዎቹ በግልባጭ ይነዱታል፣ ከዛ በኋላ አይመለስም። እኔ በማርከር ሀ ሀ ለ ለ ብዬ ጥንድ ጥንዱን እጽፍባቸዋለሁ፣ አንድ ላይ የተገዙት አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ።