ኮርኒሱ ሳይፈርስ የድሮውን የምስል ማከፋፈያ መቀየር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የስብሰባ አዳራሽ እናከራያለን። ለ6 ቴሌቪዥኖች ምስል የሚያደርሰው የድሮ ቪጂኤ (አናሎግ የምስል መስመር) ማከፋፈያ ነው፤ ሁለት መስመሮች መሥራት አቁመዋል። ካት 5ኢ ገመዱ (አራት ጥንድ ሽቦ ያለው የኔትወርክ ገመድ) በጂፕሰም ኮርኒሱ ውስጥ ያልፋል፤ ረጅሙ 45 ሜትር ነው። የጠራነው ባለሙያ ኮርኒሱ ፈርሶ ገመዱ ካልተቀየረ አይሆንም አለን። 10 የኮርኒስ ስፒከሮችም አሉን፤ የእነሱስ ገመድ?

መልስ፦ ገመዱ ሳይለካ ኮርኒስ አይፈርስም። ጤነኛ ካት 5ኢ 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ምስልን በኤችዲቤስቲ መሣሪያ (ምስልን በኔትወርክ ገመድ የሚያሳልፍ፣ በአንድ ጫፍ ላኪ በሌላው ተቀባይ ሳጥን ያለው) 45 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ ርካሾቹ ሞዴሎች እንኳ ለዚህ ጥራት እስከ 70 ሜትር የተሠሩ ናቸው።

መጀመሪያ ገመዱ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይወቁ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ከዚያ በአንድ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎችን አገናኝተው በሌላው ጫፍ በቴስተር ኦሙን ይለኩ። በ45 ሜትር መዳብ 8 ኦም ገደማ ያሳያል፣ አሉሚኒየሙ ግን 12 ያልፋል። አራቱንም ጥንዶች ይለኩ። የአንዱ ኦም ከሌሎቹ በጣም ከራቀ በመስመሩ ላይ ደካማ መጋጠሚያ ሊኖር ይችላል፤ የሚከፈተው እዚያ ቦታ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ሆኖ ከተገኘ ምስል ሊያልፍ ይችላል፤ ተቀባዩን ግን በገመዱ ከመመገብ ይልቅ ከቴሌቪዥኑ ጎን ካለ ሶኬት ኃይል ይስጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፉ ላይ ነው። የድሮዎቹ ቪጂኤ ሳጥኖች የሽቦ አደራደር ቢዛባም ምስል ያሳዩ ነበር፤ ዲጂታል ግን አይታገስም። አብረው የተጠማዘዙት ሽቦዎች ከተለያዩ፣ መብራት የሚያበራው ትንሹ መሞከሪያ ‘ደህና ነው’ ይላል፤ ምስሉ ግን ይቆራረጣል። ስለዚህ 12ቱንም ጫፎች ቆርጠው በአዲስ አርጄ 45 (የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ) ይሰሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ። ከአሮጌዎቹ ሳጥኖች አንዳንዶቹ በገመዱ ኃይል ስለሚልኩ፣ አዲሱን ከመሰካትዎ በፊት ሁሉንም ይንቀሉ። መሰኪያው ተመሳሳይ ቢሆንም መስመሩን ከኢንተርኔት ስዊች ጋር አያገናኙ።

የሚገዛው ባለ 8 መውጫ ኤችዲቤስቲ ማከፋፈያና 6 ተቀባይ ነው። የማከፋፈያውን ኢዲአይዲ (ቴሌቪዥኑ የሚችለውን ጥራት ለምስል ምንጩ የሚነግር መረጃ) 1080ፒ ላይ ይቆልፉ፤ አለበለዚያ አንዱ ፎርኬ ቴሌቪዥን ሌሎቹን ያጨልማል።

የስፒከሩ ገመድ ባለ 100 ቮልት መስመር (ድምፁን በከፍተኛ ቮልቴጅ ልኮ በየስፒከሩ ባለ ትራንስፎርመር ዝቅ የሚያደርግ) ከሆነ አይነካ። እያንዳንዱ ስፒከር 6 ዋት ቢሆን 10ሩ 60 ዋት ነው፤ 120 ዋት ባለ 100 ቮልት አምፕሊፋየር በደንብ ይችለዋል። ባለ 8 ኦም የሙዚቃ አምፕሊፋየር ካስገቡበት ድምፁ ይኮስሳል፤ በስፒከሮቹ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ ያደርገዋልና።

ሁሉንም ከመግዛትዎ በፊት አንድ ላኪና አንድ ተቀባይ በ45 ሜትሩ መስመር ላይ ሰክተው፣ የአዳራሹን መብራትና ማቀዝቀዣ እያበሩ እያጠፉ ለሁለት ሰዓት ይሞክሩ።